76 ቀን የተረሳ ቢጫ ካርድ

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም እሁድ ነበር። ደብረ ብርሃን ሰኔ ሲገባ ብርዱ ከነፋሱ ጋር ተባብሮ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኛ ግን ጋቢያችንን እንደተከናነብን አንድ ሻይ ቤት ገብተን አግዳሚው ሞልቶ ገሚሱ ቆሞ ገሚሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ኢቲቪ ላይ አፍጥጠናል። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ዋሊያዎቹ ከደቡብ አፍሪካው ባፋና ባፋና፣ ለ2014ቱ የብራዚል አለም ዋንጫ ማጣሪያ። መጀመሪያ በርናርድ ፓርከር አገባብንና ቤቱ ጭጭ አለ። ከዛ ጌታነህ ከበደ አቻ ሲያደርገን አጠገቤ የነበረው ልጅ ብድግ ሲል ሻዩን ሙሉውን ጉልበቴ ላይ ደፋው፣ ትኩስ መሆኑ እንኳን አልተሰማኝም። ቀጥሎ ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረልንና 2ለ1 አለቀ። ሰው መንገድ ላይ ወጣ፣ ባጃጁ ጥሩምባ፣ ሴቶቹ እልልታ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። በ5 ጨዋታ 13 ነጥብ ይዘናል፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ የቀረው 1 ጨዋታ ብቻ ስለዚ ማንም አይደርስብንም፣ ምድቡን አሸንፈን ብራዚል ለመግባት የመጨረሻውን የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ልንጫወት ነው ብለን ነው የጨፈርነው።

ወሬው ማታ መጣ። ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ ከፍቷል፣ ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2ለ1 ስናሸንፍ መጫወት የማይገባው ልጅ አሰልፋችኋል ተባለ። መጀመሪያ ማንም አላመነም፣ ደቡብ አፍሪካዎች ናቸው ያስወሩት ምናምን ተባለ። በኋላ ግን እውነት ሆነ።

ይሄን ጉዳይ ዛሬ ቁጭ ብዬ ከነዝርዝሩ ምጽፈው ለትዝታ ብዬ አደለም። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከቆላው በኩል ያለ የአንድ ወረዳ ቡድን መሪ ሆኜ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ቴሴራ ማለትም የተጫዋች መታወቂያ ማሰባሰብ፣ ካርድ መመዝገብ፣ ስም ዝርዝር ለጨዋታው ኮሚሽነር ማስረከብ የኔ ስራ ነው። እና ፌዴሬሽን ምን ያደርጋል ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ ሚያነሳው አሰልጣኝ መቅጠርና ማባረር፣ ስታዲየም፣ ብር፣ ምርጫ ነው። ልክ ነው እነሱም አሉ። ግን በኔ እድሜ ካየሁት ሁሉ ፌዴሬሽን ማለት ምን እንደሆነ ወለል አድርጎ ያሳየኝ ይሄ የሁለት ቢጫ ካርድ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም እዚጋ ሜዳው ላይ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም፣ የጎደለው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡድናችን ተጫዋች ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ሩስተንበርግ ላይ 1ለ1 በወጣንበት የምድቡ የመጀመሪያ ጨዋታ ቢጫ አየ። ከዛ መጋቢት 15 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1ለ0 ስናሸንፍ ሁለተኛውን ቢጫ አየ። የማጣሪያው ደንብ ደግሞ በተለያዩ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ አይሰለፍም ይላል። የሚቀጥለው ጨዋታ ሰኔ 1 ቀን 2005 ቦትስዋና ላይ ነበረ። ምንያህል ተሰለፈ። በቃ ጉዳዩ ይሄው ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

አሁን ቁጥሮቹን አስቧቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቢጫ መሀል ወደ 10 ወር አለ። በነዚ 10 ወሮች ብሄራዊ ቡድኑ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ሴንትራል አፍሪካን በዚሁ ማጣሪያ አሸንፏል፣ ቤኒንን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አልፏል፣ ሱዳን ላይ 5ለ3 ተሸንፎ አዲስ አበባ ላይ 2ለ0 ገልብጦ ከ31 አመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብቷል፣ ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከዛምቢያ ከቡርኪናፋሶ ከናይጄሪያ ተጫውቷል። በነዚ ሁሉ ውስጥ ካርድ አለ። የአፍሪካ ዋንጫው ካርድ ግን የአለም ዋንጫ ማጣሪያው ላይ አይቆጠርም፣ የየውድድሩ ሂሳብ ለየብቻ ነው። እና አንድ ሰው በቃሉ ብቻ ልያዘው ካለ መደባለቁ አይቀርም፣ ይሄ ይገባኛል። ማይገባኝ ሌላው ነው፣ ከሁለተኛው ቢጫ እስከ ቦትስዋናው ጨዋታ ድረስ 76 ቀን ነበረ። ሰባ ስድስት ቀን! ጾሙ ተፈቶ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ዳግማይ ትንሳኤ አልፎ፣ ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ እስኪያርስ ድረስ ያለ ጊዜ ነው። በዛ ሁሉ ቀን አንድ ሰው አንድ ወረቀት አውጥቶ ማን ስንት ካርድ አለው ብሎ ቢያይ ኖሮ 5 ደቂቃ ሚፈጅ ስራ ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ 2ለ1 ያሸነፍነው ጨዋታ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3ለ0 ተሰጠ፣ ፌዴሬሽኑ ላይ ደግሞ 6,000 የስዊዝ ፍራንክ ቅጣት ተጣለ። ብሩን ተዉት። ነጥቡን ነው ማየት፣ 13 የነበርነው 10 ሆንን፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ላይ፣ ቦትስዋና ከ4 ወደ 7 ከፍ አለች። ዘግተነዋል ያልነው ምድብ በአንድ ወረቀት ተከፍቶ ለሶስቱም ቡድን እድል ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታ ከሴንትራል አፍሪካ ጋር ነበር፣ እነሱ ሀገራቸው ተበጥብጦ ስለነበር ጨዋታው ኮንጎ ብራዛቪል ሄደ። እኔ ያኔ ደብተር ላይ ሂሳቡን ሰርቼዋለሁ፣ አቻ ብንወጣና ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን ብታሸንፍ ሁለታችንም 11 እንሆንና በጎል ልዩነት እነሱ ነበሩ ሚያልፉት፣ እና እንደተፈራው ደቡብ አፍሪካ በዛው ቀን 4ለ1 አሸነፈች። ማለትም ያ ካርድ ባይረሳ ኖሮ ለወጉ ብቻ ልንጫወተው የነበረውን ጨዋታ ጳጉሜ 2 ቀን ማሸነፍ ግዴታችን ሆኖ ልባችን አፋችን ውስጥ ሆኖ ነው ያየነው። 2ለ1 አሸነፍን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ ያን አመት ግን መስከረም ሊጠባ አራት ቀን ሲቀረው ጉዱ በደስታ ተዘጋ። 13 ነጥብ ይዘን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን።

እዚጋ ብዙ ሰው ታዲያ ካለፍን ምን ችግር አለው ይላል። ብዙ አለው። ልጆቹ ላይ የተጫነውን ተመልከቱ፣ ሰኔ ላይ በላባቸው ያገኙትን ነገር ጳጉሜ ላይ እንደገና እንዲያመጡት ነው የተጠየቁት። ከምንም በላይ ደግሞ ምንያህል። ከጉዳዩ ሁሉ ሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ ስንቱ ሰው ነው ልጁን ሲወቅሰው የሰማሁት፣ ሁለት ካርድ እንዳለው እንዴት አያውቅም እያሉ። ተጫዋች ግባ ሲሉት ይገባል ውጣ ሲሉት ይወጣል። ክለቡ ውስጥ የሊግ ካርድ አለበት፣ ብሄራዊ ቡድን ሲመጣ የአፍሪካ ዋንጫ ካርድ አለበት፣ የአለም ዋንጫ ማጣሪያ ካርድ አለበት፣ ያን ሁሉ ለየብቻ ይዞ የመቁጠር ስራ በምንም መንገድ የሱ አደለም። ፊፋም እኮ የቀጣው ፌዴሬሽኑን ነው።

ይሄ ነው ዋናው ነጥብ። እንዲህ ላለው ጥፋት ፊፋ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ሚያውቀው ፌዴሬሽን ነው። አሰልጣኙን አያውቅም፣ ተጫዋቹን አያውቅም፣ ሚኒስቴሩንም አያውቅም። ደብዳቤ ሲልክ ለፌዴሬሽን ነው፣ ሲቀጣ ፌዴሬሽንን ነው፣ ሲያግድም ፌዴሬሽንን ነው። እገዳውንም ቀምሰነዋል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2008 ላይ በአመራር ሽኩቻ ምክንያት ፊፋ አግዶን ከ2010 አለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰርዘን ቀርተናል፣ ያኔ ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች ያጠፉት አንዳች ነገር አልነበረም። ከግብጽና ከሱዳን ጋር ሆነን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የአፍሪካን እግር ኳስ ሚመራውን ካፍን የመሰረትን ሀገር ነን፣ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ካፍን 15 አመት ገደማ የመራበት ሀገር ነን፣ ደንብ ለሌላው ያስተማርን ነን። ስለዚ ደንቡ አልገባንም ማለት አንችልም።

ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ ምንላቸው የድሮ ዳኛ አሉ፣ ጡረታ ወጥተዋል አሁንም ግን ሜዳ አይቀሩም። ያ ወሬ የተሰማ ሰሞን እሳቸው ጋ ሄጄ አወራን። ብስጭቴን ሁሉ አፈሰስኩባቸው።

«አሰልጣኙ ነው ጋሼ፣ ልጁን ያሰለፈው እሱ አደል?»

«ተው እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ «አሰልጣኝ ስለጉልበቱ ነው ሚያስበው፣ ማን ደከመ ማን ሮጠ። ካርድ ጠርቶ ሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።»

«ታዲያ ቡድን መሪው ነዋ!»

«ቡድን መሪውስ ከየት ያምጣው? ወረቀቱ ሚመጣው ጽህፈት ቤት ነው። ጽህፈት ቤቱ ካልሰጠው?»

«ጽህፈት ቤቱ ነዋ በቃ።»

«እሱም ይልሃል ቴክኒክ ክፍሉ ይይዘዋል ብዬ ነው ይልሃል። አየህ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው። አሁን አንተ ራስህ ሶስት ሰው ከሰስክ፣ አንዱንም ግን ይሄ ስራ ያንተ ነው ብሎ በስሙ የጻፈለት አለ ወይ ብለህ አልጠየቅክም።»

ከዛ ወረቀቱ እንዴት ሚሄድ እንደሆነ አስረዱኝ። ዳኛው ካርዱን ሲያወጣ ማስታወሻው ላይ ሚጽፈው ስምና ቁጥርና ደቂቃ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ሪፖርቱ ላይ ይገለብጠዋል፣ ኮሚሽነሩም የራሱን ይጽፋል፣ ሁለቱ ተመሳክረው ወደ አወዳዳሪው ይሄዳሉ። አለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሆነ ፊፋ ጋ ማለት ነው። እዛ ከደረሰ በኋላ ማንም አይፍቀውም። ፊፋ አስታወሰህም አላስታወሰህም ቆጥሮ የመያዝ ሀላፊነቱ ያንተ የፌዴሬሽኑ ነው፣ አልሰማሁም ማለት መከላከያ አይሆንም። ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጠፍጠፍ አርገው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ለዚ ነው» አሉኝ። ወረቀቱ ዙሪክ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተ 76 ቀን ስትረሳው እሱ 76ቱንም ቀን አልረሳህም።

በወቅቱ ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አምኗል፣ ይሄን መናገር ደግ ነው፣ አልሰራንም ብሎ አልተሟገተም። እና የኛ ብቻ ችግርም አደለም። በዛው ሰሞን ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም ማይገባቸውን ተጫዋች አሰልፈው ተቀጥተዋል። የኬፕቨርዴ ግን ከሁሉ ያሳዝናል። ኢኳቶሪያል ጊኒ 4ለ3 አሸንፋቸው የነበረው ጨዋታ በወረቀት ተገልብጦ ለነሱ 3ለ0 ተሰጣቸው፣ እሰይ አሉ። በዛ ጨዋታ ግን ፈርናንዶ ቫሬላ የሚባል ተከላካያቸው በቀይ ወጥቶ 4 ጨዋታ ተቀጥቶ ነበር። ጨዋታው ከተገለበጠ ቅጣቱም አብሮ ተነሳ ብለው አሰቡ መሰለኝ፣ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2ለ0 ባሸነፉበት በመጨረሻው ጨዋታ አሰለፉት። ውጤት ቢሰረዝ ቅጣት አይሰረዝም። 3ለ0 ለቱኒዚያ ተሰጠ፣ ምድቡን አሸንፈው የነበሩት ከማጣሪያው ወጡ፣ የነሱ ደግሞ ማካካሻ ጨዋታ እንኳን አልቀራቸውም። እኛ ብራዛቪል ነበረችን። ይሄን ሳስብ ሁሌ ያስደነግጠኛል፣ የቦትስዋናው ጨዋታ የምድቡ የመጨረሻ ቢሆን ኖሮ የኛም ታሪክ እንደዛው ነበር ሚያልቀው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ አውቄ፣ ከጋሼ ጋ ያን ሁሉ አውርቼ፣ ከጥቂት አመት በኋላ ያንኑ ጥፋት እኔው ራሴ ሰራሁት።

የወረዳዎች ውድድር ነበር፣ ደብረ ብርሃን ላይ። እኛ ከቆላ በቅጥቅጥ ተጭነን ጣርማ በርን ስንወጣ ልጆቹ አፋቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱ የእናቱን ነጠላ ለብሶ፣ ሌላው በርኖስ ከደገኛ ዘመዱ ተበድሮ፣ እንደዚ ነበር አመጣጣችን። ሙሉ ማልያ አልነበረንም። የነበሩን 16 ማልያዎች ነበሩ፣ ከነሱም ሁለቱ ቁጥራቸው ተልጦ ወልቋል፣ ስለዚ ልጆቹ እንደየልካቸውና እንደየሁኔታው ይለዋወጣሉ። እኔ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዤ ካርድ እመዘግባለሁ፣ በጣም ጎበዝ ነኝ ብዬም አስብ ነበር። ገጹን አሁንም አለኝ፣ ሰማያዊ እስኪሪብቶ፣ ጠርዙ በዝናብ ሟሙቶ። በመጀመሪያው ጨዋታ «8 ቁጥር ቢጫ 31ኛ ደቂቃ» ይላል። በሁለተኛው «14 ቁጥር ቢጫ 77ኛ ደቂቃ» ይላል። ሁለት የተለያየ ሰው መሰለኝ። አንድ ልጅ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ 8 ቁጥሩ ማልያ በቀደመው ጭቃ ታጥቦ ስላልደረቀ 14ን ለብሶ ገባ፣ እኔ ደግሞ ቁጥር እንጂ ስም አልጻፍኩም።

ሶስተኛው ጨዋታ ላይ ያ ልጅ ተሰለፈ። አሸነፍን፣ እሱም አንድ ጎል አገባ፣ ጎሏ እንዴት ታምር ነበረች መሰላችሁ፣ ከቅጣት ምት ክልል ጫፍ በግራ እግሩ። ሲያልቅ የተቃራኒው ቡድን አምበል ወደ ኮሚሽነሩ ሄዶ ክስ እናስይዛለን ሲል ሰማሁት፣ ምን ሊከሱ ነው እያልኩ ስጠጋ ቡድን መሪያቸው የማስያዣ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ እየቆጠረ ነው። ኮሚሽነሩ ቦርሳውን ከፍቶ የሁለቱን ጨዋታ ሪፖርት አወጣ። እሱ ጋ ስም ነበር ከነቴሴራ ቁጥሩ። ሁለቱም ቦታ ላይ ያንድ ልጅ ስም። ደብተሬን ልከፍት ስል እጄ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል፣ ብርዱም ነበር ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም።

3ለ0 በፎርፌ። ከምድብ ወደቅን። ልጁ ቅጥቅጡ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ ደብረ ሲና እስክንደርስ ድረስ ቀና አላለም፣ የቡድኑ ልጆች ደግሞ አንዳንዱ እያጉረመረመ ነበር በሱ ላይ። ያኔ ነው ምንያህል ትዝ ያለኝ። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ለቆሎና ለሻይ ሲቆም ሁሉንም ሰበሰብኳቸውና ጥፋቱ የሱ አደለም የኔ ነው አልኳቸው፣ ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው፣ ቁጥር ጽፌ ስም እንዳልጻፍኩ። ልጁ ያኔ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው።

እንዴት እንደሚሰራ የገባኝ ከዛ በኋላ ነው ብል ማጋነን አደለም። ደብተር ተውኩ፣ ባህር መዝገብ ገዛሁ። አንድ ሰው አንድ ገጽ፣ ከላይ ፎቶው ተለጥፎ፣ የቴሴራ ቁጥሩ፣ ከዛ በታች ካርዱ፣ የትኛው ውድድር እንደሆነ፣ ቀኑ፣ ደቂቃው። የማልያ ቁጥር ሚባል ነገር የለበትም፣ ማልያ ይታጠባል ይለዋወጣል። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ወደ ልብስ መቀየሪያ ከመሄዴ በፊት ኮሚሽነሩ ጋ ሄጄ የሱን ሪፖርትና የኔን አስተያያለሁ፣ አንዳንዱ ኮሚሽነር ይቆጣል ሰው ደክሞታል ብሎ፣ ይቆጣ። ከጨዋታ በፊት ባለው ማታ ደግሞ ከአሰልጣኙ ጋ ሆነን ጮክ ብዬ ስም እየጠራሁ አነባለሁ፣ ይሄ ንጹህ፣ ይሄ አንድ አለው፣ ይሄ ነገ የለም። አሰልጣኙ ይፈርማል እኔም እፈርማለሁ። አንድ አሰልጣኝ ይሄ ቢሮክራሲ ነው ምን ያስፈርመኛል ብሎኝ ያውቃል። የፈረመበት ቀን የተቀጣ ልጅ ስሙ ከቋሚ 11 ውስጥ ነበር፣ ሲጠራ ሰምቶ ነው ያወጣው።

እና ወደ ብሄራዊው ስመለስ፣ ፌዴሬሽን ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ስራ ነው ሚሰራው፣ መጠኑ ነው ሚለያየው። ወረዳ ላይ እኔ፣ ዞን ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበርና አንድ የተቆለፈ መደርደሪያ፣ ክልል ላይ ከፍ ያለ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፊፋና ከካፍ ጋ ሚጻጻፈው። ሁሉም ጋ ተጫዋቹ ማን ነው፣ እድሜው ስንት ነው፣ የማን ነው፣ መጫወት ይችላል ወይ የሚለውን በወረቀት ማረጋገጥ ነው ስራው። ሊጉን እንኳን አሁን ለሼር ካምፓኒ ሰጥተውታል፣ አወዳዳሪው ሌላ ሆኗል፣ ቴሌቪዥኑም ገብቷል። ይሄኛውን ግን ለማንም ሊሰጡት አይችሉም፣ ፊፋ ፊት ሀገሪቱን ወክሎ ሚፈርመው ፌዴሬሽኑ ብቻ ነው። እኔ ሁሌ ሚቆጨኝ ፌዴሬሽን ውስጥ ምርጫ ሲመጣ ሁሉም ስለ ፕሬዝዳንቱና ስለ ስራ አስፈጻሚው ያወራል፣ የየትኛው ክልል ሰው ገባ የየትኛው ወጣ፣ ያን መዝገብ ማን እንደሚይዝ ግን አንድም ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሰው ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ስሙ አይታወቅም፣ ቲቪ ላይ አይወጣም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ግን ከሁሉም በላይ ያስፈለገን እሱ ነበር።

ከናይጄሪያ ጋ የነበረውን የመጨረሻውን የደርሶ መልስ ጨዋታም ለመጨረስ ያህል፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በሀይሉ አሰፋ አግብቶልን እየመራን ኢመኒኬ አቻ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብንና እሱው ደገመ፣ 2ለ1። ህዳር ላይ ካላባር 2ለ0። ብራዚል እዛው ቀረች። በዛኛው ሽንፈት ግን አልተናደድኩም። ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋ ተጫውተን ነው የተሸነፍነው፣ ሜዳ ላይ፣ 11 ለ 11 ሆነን። ያም ቀን ያው ሻይ ቤት ነበርን፣ ሰው ሲወጣ አዝኖ ነበር ግን እያጨበጨበ ነው የወጣው።

ነገ ጨዋታ አለን። ባህር መዝገቡ አሁን ፊቴ ነው፣ ኩራዙን ትተን አሁን በስልክ መብራት ነው ማነበው፣ መብራት ስለጠፋ። ሶስት ልጆች አንድ አንድ ቢጫ አላቸው። አራተኛው ሁለት አለው፣ ገጹ ላይ በቀይ አክብቤበታለሁ፣ የግራ መስመር ተጫዋቻችን ነው፣ አጥቂ የለንም በሱ ነው ምንኖረው። ገና አልነገርኩትም። እራት በልተው ሲጨርሱ ለብቻው ጠርቼ ገጹን አሳየዋለሁ፣ ፎቶውን፣ ሁለቱን ቀን፣ ደቂቃውን፣ ከዛ አጠገቤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቦታ እንደያዝኩለት እነግረዋለሁ።